ሁለት መቶ ሜትር የምታህል ስህተት

ጋዜጠኝነት ስንማር አንድ ዜና ስድስት ጥያቄዎችን ይመልሳል ተብለን ነበር፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። ከስድስቱ “የት” የምትባለዋ ማንንም አስጨንቃ አታውቅም። የቦታውን ስም መጻፍ ነው፣ አለቀ። የሚያላቡን እነ “ለምን” ነበሩ። ተመርቀን፣ ሥራ ፈልገን አጥተን፣ ወልድያ ተመልሰን ከቤተሰብ ጋር ሽሮ እየበላን ሳለን ነው “የት” ከሁሉም የባሰች ጥያቄ መሆኗ የገባን። እስቲ ከመጀመሪያው እንጀምርላችሁ።

እኛ ማለት ሦስት ሴቶች ነን። ሁለታችን የወልድያ ልጆች፣ አንዷ የመርሳ። (የመርሳዋ ልጅ መርሳ ተወልዳ ምንም የማትረሳ ጉድ ናት። የተበደረችውን ሳይሆን ያበደረችንን ማለታችን ነው።) ባለፈው በጋ አንድ ወዳጃችን የአጭር ጊዜ ሥራ ጠቆመን፤ በሀብሩ ወረዳ የገጠር ቀበሌዎች እየዞሩ ምንጮችን መመዝገብ። ቅጹ ላይ የምንጩ ስም አለ፣ ስንት ቤተሰብ እንደሚጠቀምበት አለ፣ “ይፈሳል” ወይም “ደርቋል” የሚል ምርጫ አለ፣ መጨረሻ ላይ መገኛ ነጥብ የሚሞላበት ሣጥን አለ። በኋላ ከየትኛው ምንጭ ላይ ግንባታ እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደሚጎለብት የሚመረጠው ከዚያ ዝርዝር ነው። ለመገኛ ነጥቡ አንድ የእጅ ጂፒኤስ መግዣ ገንዘብ ተሰጠንና “መርጣችሁ ግዙ” ተባልን።

መርጣችሁ ግዙ! እኛ እስከዚያ ቀን መርጠን የገዛነው ትልቁ ዕቃ ጫማ ነበር።

መጀመሪያ የመጣልን ጥያቄ እናንተም አሁን የምታስቡት ነው፤ ስልክ አይበቃም ወይ? ይህን ጥያቄ ወልድያ ላይ ብትጠይቁ አሥር ሰው ተሰብስቦ “ኔትወርክ ሲጠፋስ?” ይላችኋል። እውነት አለው። ጦርነቱ ከተማችን በደረሰበት ጊዜ፣ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014፣ ስልክ ማለት የእጅ ባትሪ ማለት ነበር። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮም በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ኖረናል። ስለዚህ ኔትወርክ ከሌለ ስልክ ድንጋይ ነው ብለን እናምናለን።

ግን ይህ እምነት ለጂፒኤስ አይሠራም። ሳተላይቶቹ ከምድር 20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው እየዞሩ “አሁን ሰዓቱ ይህ ነው፣ እኔም ያለሁት እዚህ ነው” እያሉ ሌት ተቀን ይናገራሉ። በእጃችሁ ያለው ዕቃ የሚሠራው ማዳመጥ ብቻ ነው፤ ልክ ሬዲዮ ጣቢያው ሳያውቀው እንደሚሰማው። ቢያንስ አራት ሳተላይት ከሰማ፣ ድምፁ ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ ወደ ርቀት ለውጦ ያለበትን ቦታ ያሰላል። ሲም ካርድ አያስፈልገውም። እኛም የአንዷን ስልክ ሲም አውጥተን ጣራ ላይ ወጥተን ሞከርነው፤ ቦታችንን አገኘ። የጠፋው ካርታው ነው፤ ካርታው ቀድሞ ካልተጫነ በኢንተርኔት ስለሚመጣ። ስለዚህ ከከተማ ስትወጡ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ካርታ አስቀድማችሁ ጫኑ፤ ይህች ምክር ብቻ ብዙ ሰው ታድናለች።

ታዲያ ለምን ስልክ አልበቃንም? አንደኛ፣ መብራት። ገጠር ሦስት ቀን ስናድር ስልክ መሙያ የምናገኘው የሰው ሶላር ለምነን ነው። ሁለተኛ፣ በሀብሩ የቀትር ፀሐይ የስልክ ስክሪን መስታወት ይሆናል፤ የምታዩት የራሳችሁን ላብ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ስልካችን ከድንጋይ ላይ አንዴ ከወደቀ ሥራው፣ የእናት ስልክ ቁጥርና ፎቶው አብረው ይሄዳሉ።

ምርጫው ላይ ለአንድ ሳምንት ተጨቃጨቅን። አንደኛዋ ጂፒኤስማፕ የሚባለውን፣ አንቴናው እንደ ድሮ ስልክ ወደ ላይ የቆመውን ፈለገች። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ዛፍ ሥርና ገደል ውስጥ ሳተላይት በመያዝ የተመሰገነ ነው። ዋጋው ግን ከተሰጠን ገንዘብ ጋር አይተዋወቅም። ሁለተኛዋ ኢትሬክስ 22 ኤክስ አለች፤ የቀለም ስክሪን አለው፣ ካርታ ይጫንበታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ 200 ዶላር ነበር። ብር በሐምሌ 2016 ወደ ገበያ ምንዛሪ ከገባ ወዲህ ግን 200 ዶላር ሲሉን በብር መቁጠር ትተናል። የመርሳዋ ልጅ “ኢትሬክስ 10 ይበቃናል” አለች፤ ጥቁርና ቢጫ፣ ስክሪኗ ቀለም የሌለው፣ በሁለት ትንንሽ ድንጋይ የምትሠራ።

ያሸነፈው ድንጋዩ ነው። ባትሪው ከውስጥ የታሸገ ዕቃ ሲያልቅበት መብራት ይፈልጋል። ይቺ ግን ድንጋይዋ ሲያልቅ መርሳም፣ ውርጌሳም፣ ሲሪንቃም ያለ ማንኛውም ሱቅ ያድናታል። ድንጋዩ ደህና ከሆነ ወደ 20 ሰዓት ትሠራለች። (“ደህና ከሆነ” ያልነውን አስምሩበት። ርካሹን ድንጋይ ገዝተን ከሰዓት በኋላ ላይ ዓይኗን ጨፍናብናለች። አልካላይን የሚል ጽሑፍ ያለበትን ፈልጉ፣ ትርፍ ጥንድም ያዙ።)

ሣጥኗ ላይ “ዋስ” አላት ይላል። በጣም ደስ አለን፤ በዚህ ዘመን ዋስ ማን ያገኛል? በኋላ ስናነብ ለካ ዋስ የሚሉት አሜሪካ ላይ የጂፒኤስን ስህተት የሚያርም ተጨማሪ የሳተላይት አገልግሎት ነው። አውሮፓም የራሱ አለው። ለሀብሩ ግን አሜሪካ የቆመ ዋስ ምንም አይፈይድም። እዚህ ሰማዩ ክፍት ከሆነ ከሦስት እስከ አምስት ሜትር ስህተት ጠብቁ፤ ገደል ሥር ደግሞ ምልክቱ ከግድግዳው እየነጠረ ስለሚመጣ ከዚያ ይብሳል። ይህም ቢሆን ተመስገን ነው። እስከ ሚያዝያ 1992 ድረስ አሜሪካ ለሲቪል የሚላከውን ምልክት ሆን ብላ ታደበዝዘው ስለነበር ስህተቱ እስከ መቶ ሜትር ይደርስ ነበር።

አዲስ አበባ ያገለገለ ዕቃ ስናይ አንድ በጣም አሮጌ ኢትሬክስ ገጠመን። ደጅ አውጥተን ስንከፍተው ቀኑን ወደ 20 ዓመት ገደማ ወደኋላ አሳየን። ሻጩ “ሰዓቱን ማስተካከል ነው” አለን። ሰዓቱ አይደለም። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሳምንትን ከዜሮ እስከ 1,023 ቆጥረው እንደገና ከዜሮ ይጀምራሉ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ዜሮ የተመለሱት በመጋቢት 2011 ነው። አሮጌ ዕቃዎች ይህን ሳያውቁ ቀሩ። እኛ ከፈረንጅ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ነን ሲባል እንስቃለን፤ ያቺ ዕቃ ግን ከእኛም አሥራ ሁለት ዓመት ወደኋላ ቀርታለች! ቦታ ልታሳይ ትችላለች፣ የቀን መዝገቧ ግን አይታመንም። ያገለገለ የምትገዙ ሁሉ ደጅ አውጥታችሁ፣ ሳተላይት እስክትይዝ ጠብቃችሁ፣ ቀኑን አይታችሁ ግዙ። ለረጅም ጊዜ ጠፍታ የቆየች ከሆነ የሳተላይቶቹን ዝርዝር እንደ አዲስ ለመስማት አሥራ ሁለት ደቂቃ ተኩል ሊፈጅባት ይችላልና አትቸኩሉባት።

ኢትሬክስ 10ን ገዝተን ወደ ሀብሩ ወረድን። ከወልድያ መርሳ በአስፋልቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመኪና ወርዶ የማሽላውን ማሳ፣ የማንጎውንና የፓፓያውን ጥላ አልፎ ወደ ሸንተረሩ መውጣት ነው ሥራው። ከየቀበሌው ደብዳቤ አጽፈናል፣ የአካባቢው ሰው ሳይዘን አንራመድም። ጸጥታው እንዲህ በሚያጠራጥርበት ጊዜ ቁልፍና ስክሪን ያለው እንግዳ ዕቃ ይዞ ተራራ ላይ መታየት ጨዋታ አይደለም። ስለዚህ ዕቃዋን ደብቀን አናውቅም፤ ለጠየቀን ሁሉ እናሳያለን፣ ያስነካነውም ብዙ ነው። አንዲት እናት “እንዴ፣ የጀሪካን ልጅ ነች እንዴ?” ብለው አስቀውናል። እውነትም ቢጫዋ የእሳቸውን ጀሪካን ቢጫ ትመስላለች።

አሁን ወደ ጥፋታችን።

ሥራውን ለማቀላጠፍ ብለን አንድ ብልሃት ዘየድን። የቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ያሳተመውን 1 ለ50,000 ካርታ አገኘን። ካርታው ላይ ምንጭ በምልክት ይታያል። በማስመሪያ እየለካን የአራት ምንጮችን ቁጥር አወጣን፣ ዕቃዋ ላይ ሞላን፣ “ውሰጂን” አልናት። ወሰደችን።

የመጀመሪያው ላይ አንድ እረኛ ልጅ አብሮን ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። ዕቃዋ “ደርሳችኋል” ያለችን ቦታ ድንጋይና የደረቀ ቦይ ነው። ልጁ ዙሪያችንን እየዞረ “ምን ጠፍቷችሁ ነው?” አለን።

“ምንጩን ነው የምንፈልገው።”

“ምንጩማ ከጉብታው ማዶ ነው። ትናንትና ከብቶቹን አጠጥቻለሁ።”

እኛ ደግሞ ተማርን የምንል ነን! እሱ የሚለው ሌላ ምንጭ ይሆናል አልን። ካርታው ምንጭ አለ ይላል፣ ዕቃዋ እዚህ ነው ትላለች፣ ምድሩ ደርቋል። ድርቅ ያየ አገር ነው፤ ምንጭ ይደርቃል። ቅጹ ላይ “ደርቋል” የሚለውን ምልክት አደረግንበትና መንገዳችንን ቀጠልን። ልጁ ትከሻውን ሰብቆ ወደ ከብቶቹ ሄደ።

ያን ዕለት ማታ መርሳ ላይ እራት እየበላን ሳለን ነው የመርሳዋ ልጅ ያልረሳችው። “አራቱም ቦታ ላይ ሰዎች ‘ምንጩ ወደዚያ ነው’ ብለው የጠቆሙን ወዴት ነበር?” አለች። አሰብነው። አራቱም ጊዜ ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ጋደል ብሎ። አራቱም ጊዜ ሁለት መቶ ሜትር ቢሆን ነው። ሰው ቢሳሳት አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ይሳሳታል። አራት ሰው በአራት ቀበሌ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ርቀት አይሳሳትም። የተሳሳትነው እኛ ነን።

እንጀራው እንዳለ ተትቶ ካርታው ተዘረጋ። ከታች ጠርዙ ላይ፣ ማንም የማያነበው ቦታ፣ ተጽፎ ነበር፤ “አዲንዳን” ይላል። ዕቃዋ ላይ ማስተካከያውን ከፍተን አየን፤ “ደብሊው ጂ ኤስ 84” ይላል። በቃ፣ ሌባው ተያዘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቦታ ቁጥር ብቻውን ምንም አይደለም፤ “ከየት ተነስተህ ነው የለካኸው?” ለሚለው መልስ ያስፈልገዋል። ይህን የልኬት መነሻ ዳተም ይሉታል። ጂፒኤስ ዓለምን የሚለካው ደብሊው ጂ ኤስ 84 በተባለው ነው። የድሮ ካርታዎቻችን ግን የተለኩት በአዲንዳን ነው። አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ያለ የኑቢያ ቦታ ነው። ልኬቱ ከዚያ ተነስቶ፣ ከጉብታ ጉብታ እየተያየ፣ በሱዳን አቋርጦ ኢትዮጵያ ገባ። ሁለቱ መነሻዎች በእኛ አካባቢ የሚለያዩት ወደ ሰሜን 200 ሜትር፣ ወደ ምሥራቅ 100 ሜትር ገደማ ነው። ካርታው ላይ አራት ሚሊ ሜትር ተኩል የማትሞላ ነገር ናት፤ የእርሳስ ጫፍ ሁለቴ ቢነካ ትሸፈናለች። ሀብሩ ላይ ግን በአንድ ምንጭና በአንድ ደረቅ ቦይ መካከል ያለች ልዩነት ናት።

(የሚገርመው፣ አዲንዳን ራሷ ዛሬ የለችም። አስዋን ላይ ግድብ ሲሠራ ከተፈጠረው ሐይቅ ሥር ነው ያለችው። በዓባይ ውሃ የተዋጠ ቦታ ስም ነው እኛን ከውሃ ያጣላን።)

መፍትሔው አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ከዝርዝሩ ውስጥ አዲንዳንን መርጠን የካርታውን ቁጥሮች እንደገና ሞላን፤ ከዚያ ወደ ደብሊው ጂ ኤስ 84 መለስናት። አራቱም ነጥቦች ዘለሉ። የት እንደ ዘለሉ መገመት አያቅታችሁም፤ ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ጋደል ብለው።

ሌሊቱን ግን ጥሩ እንቅልፍ አልወሰደንም። ቅጹ ቢላክ ኖሮስ? “ደርቋል” የሚል ቃል ከገባ በኋላ ማን ይጠይቀዋል? የቢሮ ሰው ጉብታውን ወጥቶ አያይም። ከዚያ ዝርዝር የወጣ ምንጭ ቱቦም፣ ገንዳም፣ አጥርም አያገኝም። እኛም ስህተታችንን ሳናውቅ “ተልእኳችንን በሚገባ ተወጣን” ብለን ፎቶ እንነሳ ነበር። ጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት “ምንጭህን አጣራ” ሲሉን ኖረዋል፤ እንዲህ ቃል በቃል ይሆናል ብለን አላሰብንም።

በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነስተን ተመለስን። ከጉብታው ማዶ፣ ከሾላ ዛፍ ሥር፣ ምንጩ እንደ ልቡ ይፈሳል። ጀሪካን ይዘው ወረፋ የሚጠብቁ እናቶችና ልጃገረዶች አሉ። አንዲት እናት “ደርቋል ያላችሁት እናንተ ናችሁ?” አሉን። ለካ ልጁ ማታ ቤት ገብቶ ጉዳችንን አውርቷል።

“እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። እኛ ነን የተሳሳትነው።”

“አብሽሩ የኔ ልጆች፣ መመለሳችሁ ነው ዋናው። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ‘ምን አየሁ ብለው ነው?’ ስል አደርኩ” አሉን። እኛም አልተኛን፣ እሳቸውም አልተኙ፤ ሁለት መቶ ሜትር ስንቱን አሳደረች!

ጀሪካናቸውን ተውሰን ፍሰቱን ለካን። ባለ 20 ሊትሩ በ50 ሴኮንድ ሞላ። በቀን ሲሰላ ከ34 ሺህ ሊትር በላይ ነው። መንግሥት ለገጠር ባስቀመጠው መለኪያ፣ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ቢባል፣ የሌሊቱን ውሃ የሚያጠራቅም ገንዳ ካገኘ ከ1,300 ሰው በላይ ያጠጣል። ይህን ነው “ደርቋል” ያልነው። ሰርዘን “ይፈሳል” አልን። የቀሩትንም ሦስቱን ዞርን፤ ሦስቱም በየቦታቸው ነበሩ።

ከመሄዳችን በፊት ደግሞ አንድ አባት ለብቻ ጠሩን። ከጎረቤታቸው ጋር የድንበር ክርክር አለባቸው፤ “ያቺ ዕቃ መሬቴን ትለካልኝ” አሉን። ዕቃዋ ስፋት የመለካት ችሎታ አላት፤ ዙሪያውን መራመድ ብቻ ነው። እኛ ግን እምቢ አልን፣ ምክንያቱንም በእንጨት መሬት ላይ ጽፈን አሳየናቸው። ማሳው 50 በ50 ሜትር፣ ማለትም ሩብ ሄክታር፣ ቢሆንና ዕቃዋ በየጎኑ ሦስት ሜትር ብትጨምር፣ 53 በ53 ሆኖ 2,809 ካሬ ሜትር ይወጣል፤ ከ300 ካሬ ሜትር በላይ ከሰማይ የወረደ መሬት! ብትቀንስ ደግሞ እንዲሁ ይጠፋል። ለምንጭ ሦስት ሜትር ምንም አይደለችም፤ ደርሳችሁ ውሃውን ታዩታላችሁ። ለድንበር ሦስት ሜትር ደም ታፋስሳለች። እሱን ለመሬት አስተዳደርና ለባለሙያው ሁነኛ መሣሪያ ተውት አልናቸው። ትንሽ ከፋቸው፤ ግን ከፋቸው ይሻላል።

እንግዲህ ቅዳሜና እሁድ ተራራ ለመውጣት ጂፒኤስ ልትገዙ የምታስቡ የከተማ ልጆች ካላችሁ፣ የእኛ ምክር አጭር ነው። ድንጋይ የሚቀየርለት ይሁን። በፀሐይ የሚነበብ፣ በቁልፍ የሚሠራ ይሁን። ስትነሱ የመጣችሁበትን ዱካ እንዲይዝ አድርጉት፤ ጉም ሲወርድ ወይም ሲመሽ በዚያው ዱካ ትመለሳላችሁ። ገንዘብ ካላችሁ ካርታ የሚጫንበትን ግዙ፣ ከሌላችሁ አትጨነቁ። ቁጥር ከሰው ስትቀበሉም ሆነ ለሰው ስትሰጡ “በየትኛው ዳተም?” በሉ። ሰው ይስቅባችሁ ይሆናል፤ ይሳቅ። ከሁሉም በላይ ዕቃዋና እረኛው ከተለያዩ፣ መጀመሪያ እረኛውን ስሙ፣ ቀጥሎ ዕቃዋን መርምሩ።

ስንወርድ ልጁ ከብቶቹን እየነዳ መንገድ ላይ ጠበቀን።

“ያቺ ቢጫ ዕቃ ዛሬ ምን አለች?” አለን።

“አንተ ያልከውን አለች።”

“ትናንትና ለምን አላለችም ታዲያ?”

ስለ አዲንዳን ልናስረዳው አፋችንን ከፈትን፣ ከዚያ ተውነው። “ትናንትና እኛ አሳሳትናት” አልነው። ይህ ልክ ነው ብሎ አሰበ መሰለን፤ ራሱን ነቅንቆ ከብቶቹን ወደ ውሃው ነዳ።